የሽታ ተቀባይ ላይሴት ዕጣን ሊለይ ይችላልን?

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር የባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ አንድን የሰው ሽታ ተቀባይ ፕሮቲን በብዛት እንዲያመርቱ ከተደረጉ ሕዋሳት የተዘጋጀ ላይሴት (ሕዋሳቱ ፈርሰው ይዘታቸው የወጣበት ፈሳሽ) ተገዝቶልኛል። ናሙናውን በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ5 ደቂቃ አሙቄ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል ላይ በመጠን ለይቶ፣ የሚፈለገውን በአንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን፣ በሚያሳየው ዘዴ) ስመረምረው፣ በሚጠበቀው ቦታ ምንም ሳይታይ በጄሉ አናት ላይ የተዝረከረከ ጥቁረት ብቻ ወጣ። በተጨማሪም በዚሁ ላይሴት ላይ የዕጣን ዘይት ጨምሬ ተቀባዩ ምላሽ መስጠቱን መለካት እችል እንደሆነ ቢያብራሩልኝ።

መልስ፦ ሁለተኛውን እናስቀድም፤ አይቻልም። ሊንዳ ባክና ሪቻርድ አክስል በ1991 እ.ኤ.አ. የጂን ቤተሰባቸውን በአይጥ ላይ አግኝተው ይፋ ያደረጉላቸው፣ በሰው ዘንድ የሚሠሩት ወደ 400 የሚጠጉት ሽታ ተቀባዮች የሕዋስን ሽፋን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጡ ፕሮቲኖች ናቸው። ምላሽ የሚሰጡትም ቅርጻቸውን ጠብቀው በሽፋኑ ውስጥ ሲቀመጡና ምልክቱን የሚረከበው ጂ ፕሮቲን በውስጥ በኩል ሲገኝ ነው። ላይሴት ሲዘጋጅ ሽፋኑ በዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ኬሚካል) ስለሚሟሟ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። የዕጣኑን ጥያቄ ለመመለስ በሕይወት ያሉ ሕዋሳት ያስፈልጉዎታል። በእነርሱም ቢሆን፣ በተለምዶ በምንጠቀምባቸው፣ ከሰው ፅንስ ኩላሊት በተገኙት ኤች ኢ ኬ 293 የላቦራቶሪ ሕዋሳት ውስጥ ብዙዎቹ ሽታ ተቀባዮች ወደ ሕዋሱ ገጽ ሳይደርሱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ስለዚህ አር ቲ ፒ 1 የተባለው ረዳት ፕሮቲን አብሮ እንዲመረት ይደረጋል።

የላይሴቱ ዋና ጥቅም አንቲቦዲዎ ትክክለኛውን ፕሮቲን መያዙን ማረጋገጥ ነው። ለዚህም ባዶ ፕላስሚድ (የተቀባዩን ጂን ያልያዘ ክብ ዲ ኤን ኤ) ከገባባቸው ሕዋሳት የተዘጋጀው ጥንዱ ላይሴት የግድ በአጠገቡ፣ በእኩል የፕሮቲን መጠን በጄሉ ላይ መሮጥ አለበት። በሁለቱም ላይ የሚታይ ባንድ (የፕሮቲን መስመር) የእርስዎ ተቀባይ ነው ለማለት አያበቃም። በእኔ አስተያየት የሽታ ተቀባይ አንቲቦዲ በቀላሉ የሚታመን ነገር አይደለም፤ ፕሮቲኑ እንደ ፍላግ ያለ መለያ (ለመለየት ሲባል የተቀጠለበት አጭር የፕሮቲን ቁራጭ) ካለው፣ ሁለተኛ ብሎት በመለያው አንቲቦዲ ቢሠሩ ልብዎ ይረጋል።

በጄሉ አናት ላይ ያዩት ጥቁረት ምንጩ ማሞቂያው ሳይሆን አይቀርም። ውኃ የሚሸሹ ክፍሎች የበዙባቸው እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች በከፍተኛ ሙቀት እርስ በርስ ተጣብቀው ስለሚከማቹ ወደ ጄሉ መግባት ያቅታቸዋል። ናሙናውን ከማፍላት ይልቅ ከሎዲንግ በፈሩ (ናሙናውን ለጄሉ ከሚያዘጋጀው ፈሳሽ) ጋር በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ያልሞቀ ናሙናም ጎን ለጎን ይሞክሩ። ባንዱን በ35 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይፈልጉት፤ ሆኖም ስኳር የተያያዘበት ፕሮቲን ሰፋ ብሎ ሊታይ፣ መለያውም ክብደቱን ጥቂት ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ቀሪውን ላይሴት በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍለው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡት፤ አንዴ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙት። መብራት በተቋረጠ ጊዜም የፍሪዘሩን በር አይክፈቱ።