ከግብር ቅናሽ ሌላስ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች! የከተማ አስተዳደር «የአካባቢውን ንግድ እደግፋለሁ» ሲል ግብር ከመቀነስ ሌላ ምን ያደርጋል? እኔ ትንሽ የእንጨት ሥራ አለችኝ።

መልስ፦ የትርፍ ግብር ቅናሽ እኮ ለሚያተርፍ ሰው ነው፤ ገና ላላተረፈው ከምን ላይ ይቀነስለታል? እኔን ብትጠይቀኝ ዋናው ነገር ግዢው ነው። ከተማው ራሱ ትልቅ ደንበኛ ነው፤ ለትምህርት ቤቱም ለቢሮውም ወንበር ይገዛል። 1000 ወንበር በአንድ ጨረታ ካወጣ አንተ አትደርስበትም፤ በ20 ሎት (ለየብቻ በሚጫረት ክፍል) ከከፋፈለው ግን 50ዋን ወንበር ከነቫርኒሿ ጨርሰህ ታስረክባለህ። ክፍያው ወራት ከዘገየ ግን ማሸነፍህ ራሱ ዕዳ ነው (ይሄን ማንም አያወራውም!)። ሌላው የብድር ዋስትና ነው፤ ብድሩ ካልተመለሰ ከኪሳራው ከፊሉን ከተማው ስለሚሸከም ባንኩ በማስያዣ ብዙ አያስጨንቅህም። ለማንኛውም ግዢ ክፍል ሂድና በአቅራቢነት መመዝገብ ትችል እንደሆነ ጠይቅ፣ አንዱ ሎት ስንት ዕቃ እንደሚይዝም አጣራ።