ነጠላው የእጅ ነው የማሽን? ሽሮ ሜዳ ላይ በምን ይለያል

«ለጥቅምት ሰርግ ለእናቴ ነጠላ ልገዛላት ነው። ሽሮ ሜዳ የጠየቅሁት ሁሉ የእጅ ነው ይለኛል፤ በምን ልለይ?» ላልሽው እህቴ።

እኔ እዚያው እንጦጦ ግርጌ ነው ያደግሁት። እናቴ ፈታይ ናት፤ ጎረቤቶቻችን ከጋሞ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

ነጋዴው የግድ አልዋሸሽም። በእጅ የተሸመነ አንድ ነገር ነው፣ በእጅ የተፈተለ ሌላ። ዛሬ ድሩ፣ ማለትም በርዝመቱ የሚወጠረው ክር፣ ባብዛኛው የፋብሪካ ነው፤ በዚህ አትጣዪ። ጥያቄሽ ማጉ ላይ፣ ማለትም ድሩን እያቋረጠ የሚገባው ክር ላይ ይሁን፦ «ማጉ ፈትል ነው?» በይ፤ ፈትል የሚባለው በእጅ የተፈተለው ነው። ህንዶች ካዲ ብለው የሚጠሩት ከመፍተሉ እስከ ሽመናው በእጅ ያለቀውን ነው። እኛ ጋ ግን ሁሉም «የእጅ» ተብሎ አንድ ላይ ይሰቀላል። ዋጋውን የሚያንረው ደግሞ ፈትሉ ነው፤ መፍተል ከመሸመን ይልቅ ጊዜ ይበላል።

ነጠላውን ዘርጊና ወደ ብርሃን ያዢው። የእንዝርት ክር እዚህ ጋ ወፈር፣ እዚያ ጋ ቀጠን ይላል። አልፎ አልፎም የጥጥ ፍሬ ስባሪ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ተሸምኖ ታያለሽ። ይህንን እንከን ነው ብሎ ዋጋ የሚያስቀንስ ደንበኛ አለ፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። ከዳር እስከ ዳር ልቅም ያለ ከሆነ ማጉም የፋብሪካ ነው።

ሽመናውን ለማወቅ ስፌት ፈልጊ። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ እየረገጠ፣ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ነው የሚልከው። ስለዚህ የጨርቁ ወርድ እጁ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ነጠላ የሚሠራው ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ነው። ኬንቴ የተባለውን ጨርቅ የሚሸምኑት የጋና ሸማኔዎችማ ስንዝር የማይሞላ ጥብጣብ እየሸመኑ ነው የሚያገጣጥሙት። ሰፊ ሆኖ ስፌት የሌለው ነጠላ ከገጠመሽ ጠርጥሪ።

ከዚያ ጥለቱን ገልብጪው። የተሸመነ ጥበብ ከጀርባውም ክሩ ከድሩ ጋር ተጠላልፎ ይታያል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዛዛ ነው። እርጥብ ነጭ ሶፍት ቀለሙ ላይ ሸት አድርጊበት፤ ከለቀቀ ተዪው፣ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሽብሻል።

ከጠረጠርሽ ነጋዴውን አስፈቅደሽ ከዘርፉ አንዲት ነጭ ክር መዝዘሽ ለኩሺ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ይጠጥራል። በጥለቱ ክር አትሞክሪ፤ ወርቀ ዘቦና የሚያብለጨልጭ ክር በደህናው ነጠላም ላይ ስለሚገባ ያሳስትሻል።

እኔን ብትሰሚኝ ግን ከሱቅ ይልቅ ወደ ሠፈሩ ውስጥ ገብተሽ ሸማኔውን ራሱን እዘዢ። ፈትሉን አንቺ ገዝተሽ ብትሰጪው ደግሞ ክርክሩ ሁሉ ይቀርልሻል። ጊዜውን ብቻ አስቢበት። ለመስቀል ብዙዎቹ ጋሞ፣ አገራቸው ይገባሉ፤ ለጥቅምት ሰርግ መስከረም ላይ ብትሄጂ ባዶ ቤት ነው የምታንኳኪው። ነሐሴ ሳያልቅ እዘዢ።