ለሁለት ቅርንጫፍ አንድ ፕሮግራም፦ ቅንብሩ የት ይቀመጥ?

ከድሬዳዋ የጻፉልን ጠያቂ፣ ከዚራ ላለው የሕንፃ መሣሪያ መደብርና ለሐረሩ ቅርንጫፍ በፓይተን የሠሩት የሽያጭ ፕሮግራም የዳታቤዝ አድራሻውን፣ የይለፍ ቃሉንና የታክሱን ምጣኔ ኮዱ ውስጥ ይዞ ስለነበር ሁለት ቅጂ ለመያዝ ተገድደው ቆይተዋል። አሁን ሁሉንም ወደ ያምል ፋይል፣ ማለትም ቅንብር ከኮዱ ውጭ በተራ ጽሑፍ ወደሚቀመጥበት ፋይል፣ ሲያወጡ ደግሞ የአካባቢው የስልክ መነሻ 025 ደረሰኙ ላይ 21 ሆኖ ይታተማል።

ከደረሰኙ ልጀምር። ያምልን ለፓይተን የሚያነብለት ፓይያምል የተባለው ላይብረሪ የሚከተለው የያምል 1.1 ደንብ፣ በዜሮ ጀምሮ ከ0 እስከ 7 ባሉት አሃዞች ብቻ የተጻፈን ቁጥር በቤዝ 8 ያነበዋል፤ ስለዚህ 025 ሁለት ጊዜ ስምንት ሲደመር አምስት፣ ማለትም 21 ይሆናል። 8 ወይም 9 ያለበት ግን ሳይነካ ስለሚያልፍ ስሕተቱ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስልክም ሆነ የግብር ከፋይ መለያ የማይደመር ቁጥር ነውና "025" ተብሎ በጥቅስ ይጻፍ፤ « » ከተጠቀሙ ግን ምልክቱ ራሱ አብሮ ይታተማል።

ወደ ፋይሉ መውጣት ያለበት በሁለቱ ከተሞች የሚለያየው ብቻ ነው፦ የዳታቤዝ አድራሻ፣ የቅርንጫፍ ስም፣ የፕሪንተር ስም። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ለሁለቱም አንድ ስለሆነ ወደ ኮዱ ይመልሱት። በሁለት ፋይል ከተጻፈ አንዱ ተስተካክሎ ሌላው ይረሳል፤ ምጣኔው ቢለወጥም የቀድሞ ሽያጭ በቀድሞው መሰላት ስላለበት፣ ከሚጸናበት ቀን ጋር በአንድ ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል።

የይለፍ ቃሉን በኢንቫይሮንመንት ቫርያብል፣ ማለትም ከኮዱም ከፋይሉም ውጭ ኮምፒውተሩ ለፕሮግራሙ በሚያቀብለው ዋጋ፣ ይስጡት። ኮዱን የለውጦቹን ታሪክ በሚመዘግበው በጊት የሚይዙ ከሆነ፣ ከኮዱ መሰረዙ ከቀድሞዎቹ ኮሚቶች (ከተመዘገቡት የቀድሞ ቅጂዎች) ስለማያጠፋው አስቀድመው የይለፍ ቃሉን ራሱን ይቀይሩ፤ ይህን ለነገ አያሳድሩት። በቫርያብል የሚመጣ ዋጋ ሁሉ ጽሑፍ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ፓይተን ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ እንደ እውነት ስለሚቆጥር "ፎልስ" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ በጽሑፍነት ከመጣ እውነት ተብሎ ያልፋል።

ቅንብሩን በየኮድ ፋይሉ ከማንበብ ይልቅ ፕሮግራሙ ሲነሣ በአንድ ቦታ ያንብቡት፤ የኮዱን መነሻ ዋጋ ፋይሉ፣ ፋይሉን ደግሞ ቫርያብሉ ይሻረው። የጎደለ ካለ ፕሮግራሙ የጎደለውን በስም ጠርቶ ወዲያው ይቁም፤ ጠዋት ሱቅ ሲከፈት መቆሙ፣ ደንበኛ ቆሞ ደረሰኝ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመቆሙ እጅግ ይሻላል።