ገንዘባችሁ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት

ልጆቼ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገዝታችሁ ለማከራየት ያሰባችሁ ብዙዎች ናችሁ። የትኛው ሰፈር ዋጋው እንደሚወደድ አልነግራችሁም። ዕድሜዬን የገፋሁት የሽያጭ ውል በማዘጋጀት ስለሆነ የምመክራችሁ ስለ ክፍያው ነው።

ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል» እያለ ሲያጣድፋችሁ ቀብድ አትስጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከክፍለ ከተማው አረጋግጡ። የባንክ ብድር ካለበት ቀሪው ዕዳ ከዋጋው ላይ ይታሰብ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛውም መስማማት አለበት።

ከሁሉ አብልጦ የሚያስጨንቀኝ በውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ ነው። ቤቱ ስድስት ሚሊዮን ብር ተሽጦ በወረቀቱ ላይ ሁለት ሚሊዮን ይሰፍራል፤ አራቱ ሚሊዮን በእጅ ይሰጣል። ግብርን መሸሸጉ በራሱ ጥፋት ነው። በዚያ ላይ ውሉ የፈረሰ ቀን በእጃችሁ ያለው የሁለት ሚሊዮን ማስረጃ ብቻ ነው። ሻጩ «የተቀበልሁት ይህንኑ ነው» ካለ ምን ታቀርባላችሁ? መልሳችሁ ስትሸጡም የገዛችሁበት ዋጋ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ያላገኛችሁት ትርፍ ተቆጥሮ ግብር ትጠየቁበታላችሁ። ይህን አድርገው ቤተሰባቸው ያጠራቀመውን የበተኑ ወጣቶች አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ለመሸጥ የሚጠበቀው አምስት ዓመት ያልሞላውን ኮንዶሚኒየም፣ ሽያጩን በውክልናና በብድር ውል ሸፍኖ መግዛትም ልማድ ሆኗል። ወካዩ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትፋጠጡት ከወራሾቹ ጋር ነው። አትግቡበት። ከገበሬ የሚገዛ ቦታማ ጭራሽ አይነካ፤ ሽማግሌ ቢፈርምበትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም።

ውሉን በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈርሙ፤ ዋናውን ክፍያ በዚያው ቀን በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ስጡ። ከዋጋው የተወሰነውን የባለቤትነት ካርታው በስማችሁ እስኪዞር አቆዩ፤ ይህም በውሉ ውስጥ ይጻፍ። የስም ማዛወሪያውን፣ የቴምብር ቀረጡንና የሻጩን ግብር ማን እንደሚከፍል በግልጽ አስፍሩ፤ «በልማዱ መሠረት» የሚል ሐረግ አትቀበሉ፤ ሁሉም ልማዱን ለራሱ እንደሚመች ይተረጉመዋልና። የደላላው ኮሚሽንም አስቀድሞ በጽሑፍ ይወሰን፤ የሚከፈለውም ቀብድ ሲሰጥ ሳይሆን ውሉ ሲጸድቅ ይሁን። የውሃና የመብራት ውዝፍ ሂሳብ መከፈሉን የሚያሳየውን ደረሰኝ ቁልፉን ከመረከባችሁ በፊት ጠይቁ።