ጋና ገጠር ገብተሽ ከበሮና ጭፈራ ልትማሪ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው የራሴን ታሪክ መሰለኝ። በባህል ምሽት ቤት ስድስት ዓመት ተወዛውዘሻል። አሁን የሦስት ወር ፈቃድ አግኝተሽ ጋና ገጠር ገብተሽ ኤዌ የሚባለውን ሕዝብ ከበሮና ጭፈራ መማር ትፈልጊያለሽ። አክራ ያለ አንድ ሰውዬ ደግሞ "መንደሩንም አስተማሪውንም እኔ እጨርስልሻለሁ፣ ግማሹን ብር አስቀድመሽ ላኪ" ብሎሻል። ልላክ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልሽው።

አትላኪ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

እኔ ከበሮ መቺ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. ከአንሎጋ ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር ሁለት ወር ተኩል ተቀምጬ ተምሬያለሁ። ባሕሩ በአንድ በኩል፣ የኬታ ሐይቅ በሌላ በኩል ሆኖ መሐል ያለ አሸዋማ አገር ነው። ጄምቤ የሚባለውን ከበሮ ብትፈልጊ ኖሮ ወደ ጊኒና ማሊ ነበር የምልሽ፤ እሱን እኔ አላውቀውም። ኤዌ ካልሽ ግን የማውቀውን ሁሉ እጽፍልሻለሁ።

1ኛ፦ ጤና። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ሳትይዢ እንዳትሄጂ፤ አክራ አውሮፕላን ማረፊያ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው። የወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አማክረሽ ከመሄድሽ በፊት ጀምሪ። አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ወባን ስለማናውቃት እንንቃታለን። እዚያ ሐይቁ ደጃፍሽ ላይ ነው። አጎበር ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ።

2ኛ፦ ወረቀት። ለአፍሪካ ኅብረት አገሮች ዜጎች እ.ኤ.አ. በ2016 ጋና ሲደርሱ ቪዛ መስጠት ተጀምሮ ነበር። የዛሬውን ደንብ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲያቸው አጣሪ። ፓስፖርትሽ ላይ ሲመቱልሽ ስንት ቀን እንደጻፉ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ እዪ። ሦስት ወር ለመቀመጥ ማራዘም ሊያስፈልግሽ ይችላል።

የድጋፍ ደብዳቤ አውጪ የሚሉሽ ሰዎች ይኖራሉ። እኔንም ብለውኝ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጉዳዬን ሳስረዳ ኃላፊው ወረፋ በያዘው ሰው ሁሉ ፊት "ከበሮ ለመማር ጋና? እዚህ ከበሮ ጠፍቶ ነው?" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አሥራ አንድ ቀን አመላለሰኝ። "ዛሬ ፈራሚው የለም፣ ነገ ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ማመልከቻህ አጭር ነው" እየተባልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ሥራ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ሙያዬን እንደ ጨዋታ ቆጠረብኝ። ደብዳቤውን ሳላገኝ ሄድኩ። አክራ ላይ ማንም አልጠየቀኝም። የጠየቁኝ የማርፍበትን አድራሻና የተቀባዬን ስልክ ብቻ ነው። እሱን በእጅሽ ያዢ። ለደብዳቤ ብለሽ ክብርሽን አታስነኪ።

3ኛ፦ ገንዘብ። ዋናው ይሄ ነው።

እኔም እንዳንቺ አክራ ያለ ደላላ አገኘሁ። እንግሊዝኛው ጥሩ፣ ወሬው ጣፋጭ። ዘጠኝ መቶ ዶላር ላክ፤ ቤትም ምግብም ትምህርትም በሱ ያልቃል አለኝ። ብሩ የእኔ አልነበረም። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራች ያጠራቀመችው ነው። ላከችለት።

መንደሩ ስደርስ ሁሉም ነገር መልካም ነበር። አስተማሪዬ አባቴን የሚሆኑ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጡኝ። ጠዋት ጠዋት ማንጎው ሥር አምስት ሰው ተሰብስቦ ያስተምረኛል። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ሆኑ። በሦስተኛው አስተማሪዬና አንድ ልጅ ብቻ ቀሩ። ከበሮው ደግሞ የብቻ ነገር አይደለም። ጋንኮግዊ የሚባለው ጥንድ የብረት ደወል አለ። አኻትሴ አለ፣ ዶቃ በመረብ የለበሰ ቅል ነው። ካጋኑ፣ ኪዲ፣ ሶጎ የሚባሉት ከበሮዎች አሉ። ረጅሙና ዘንበል ተደርጎ የሚቆመው አቺሜቩ ደግሞ መሪው ነው። አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚናገረው ትርጉም ያጣል። እኔ ኪዲውን ስመታ የሚመልስልኝ የለም።

ደላላው ጋ ደወልኩ። "የገጠር ሰው ሰነፍ ነው፣ ተቆጣቸው" አለኝ። ሰማሁት። በማግስቱ አስተማሪዬን "እኔ እኮ ከፍዬ ነው የመጣሁት" አልኳቸው፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ዝም አሉኝ። ዱላዎቹን ሰብስበው ገቡ።

ማታ እንግሊዝኛ የምትችለው ልጃቸው መጣች። ቀስ ብላ "ለአባቴ ስንት እንደተሰጠው ታውቃለህ?" አለችኝ። ለሁለት ወር ተኩል፣ ለቤቱም ለምግቡም ለአምስቱም ሰው፣ አራት መቶ ሲዲ፤ ሲዲ የጋና ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ሰማንያ ዶላር አይሞላም። ሰዎቹ የሚመጡት ሥራቸውን ትተው ነው። አንዱ መረብ ጣይ ነው። ሌሎቹ ትንንሹን ቀይ ሽንኩርት የሚያለሙ ናቸው። የአንሎጋ ሽንኩርት በአሸዋ መደብ ላይ ነው የሚለማው፣ ውኃ ካልጠጣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠወልጋል። እኔ ሰነፍ ያልኳቸው ሰዎች ሁለት ሳምንት ሙሉ በነፃ ሲያስተምሩኝ ነበር። አስተማሪዬም እንግዳ እንዳያፍር ብለው ትንፍሽ አላሉም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁንም ስጽፈው ይከብደኛል።

ልጅቷ ምን እንደሚደረግ ነገረችኝ። አንድ ጠርሙስ ሽናፕስ ገዛሁ። ሁለት ሽማግሌ ለመንኩ። ጠዋት በማለዳ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። የእኛ አገር ሽምግልና ማለት ነው፣ ድንጋይ መሸከሙ ብቻ ነው የቀረው። ሽማግሌው መጠጡን መሬት ላይ እያፈሰሱ የቀደሙ አባቶቻቸውን ጠሩ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ አልጠጣሁም፣ በአክብሮት ቆሜ ጠበቅኩ። ማንም አላስገደደኝም። አንቺም በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

እህቴ ሌላ ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር ላከችልኝ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ዓርብ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ለእያንዳንዱ በእጁ ከፈልኩ። በቀኝ እጅ ስጪ፤ በግራ መስጠት ነውር ነው። ደላላው ስልኩን ካነሳልኝ ይኸው እስከ ዛሬ የለም።

ገንዘቡ ብቻ አይደለም የተለወጠው። ትምህርቱም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የሚያሳዩኝ ለጎብኚ የሚሆነውን ነበር። ጋሁ የሚባለውን ፈጣን ፈጣን ጭፈራ፣ ለፎቶ የሚያምረውን። ከይቅርታው በኋላ አስተማሪዬ አግባድዛ የሚባለውን ጭፈራ ከሥሩ ጀመሩልኝ። መሪው ከበሮ ቃል እንደሚናገር ያወቅኩት ያኔ ነው። የኤዌ ቋንቋ ድምፅ ከፍና ዝቅ እያለ ትርጉሙን ይለውጣል፣ ከበሮውም ያንን ከፍታና ዝቅታ ይዞ ያወራል። ስለ አቺያግቤኮርም አጫወቱኝ፤ ድሮ የጦርነት ጭፈራ ነበር። አባቶቻቸው ቶጎ ውስጥ ካለችው ኖትሴ ከጨካኙ ንጉሥ ከአጎኮሊ ሲያመልጡ፣ ዱካቸው እንዳይታወቅ ወደ ኋላ እየተራመዱ እንደወጡም ነገሩኝ። በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ አንሎጋ ላይ የሚከበረው ሆግቤትሶትሶ የሚባለው በዓል የዚያ ስደት መታሰቢያ ነው። ጊዜሽ ከገጠመ እንዳያመልጥሽ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከአስተማሪው ጋር ራስሽ በስልክ አውሪ። ስንት ሰው እንደሚመታ ጠይቂ። የቤቱን፣ የምግቡን፣ የትምህርቱን ዋጋ ለየብቻው ተነጋገሪ። በሳምንት ክፈዪ። አክራ ያለው ሰውዬ "ከአስተማሪው ጋር አገናኘኝ" ስትዪው ካንገራገረ መልሱን አግኝተሻል። ስሙ የታወቀ ቦታ ይሻለኛል ካልሽ፣ አፍላኦ ድንበር አጠገብ ኮፔያ በምትባል መንደር ጎድዊን አግቤሊ ያቋቋሙት ዳግቤ የባህል ማዕከል አለ፤ የውጭ ተማሪ ሲቀበል የኖረ ነው።

4ኛ፦ ደወሉን ከዚሁ ተለማምደሽ ሂጂ። አሥራ ሁለት ቁጠሪና 1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ምቺ። የአግባድዛ ደወል ይሄ ነው። እግርሽ ደግሞ 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ይረግጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳትስቺ አሥር ደቂቃ መቆየት ከቻልሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። እኛ ችክችካ በደማችን ስላለ ቀላል ይመስለናል። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ መነሻውን በተሳሳተ ቦታ ስሰማው ነበር። እጄ ልክ ነው፣ ጆሮዬ ግን ሌላ ቦታ ቆሟል። አስተማሪዬ ዱላውን ቀምተውኝ "ጨፍር" አሉኝ። እግሬ ሲገባ ጆሮዬም ገባ። ከበሮውንና ጭፈራውን ለየብቻ እንማር እንዳትዪ።

ስለ ጭፈራው አንቺን በተለይ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እስክስታሽ ይጠቅምሻልም ይጎዳሻልም። መጀመሪያ ቀን ትከሻዬን ስነቀንቅ መንደሩ ሁሉ እልል አለ። በማግስቱ ግን አንዲት እናት መጥተው መዳፋቸውን ከሁለቱ የትከሻ አጥንቶቼ መሐል አኖሩ። "ከዚህ" አሉኝ። የእኛ ትከሻ ደረት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። የእነሱ ጀርባ ነው የሚሠራው። ጉልበት በርከክ፣ ወገብ ወደ ፊት ዘንበል፣ ክርን እጥፍ። የትከሻ አጥንቶቹ እንደ ወፍ ክንፍ ይገጥሙና ይከፈታሉ። ፍጥነትሽን እዚህ ጥለሽ ሂጂ። እኚያ እናት አሥር ቀን መዳፋቸውን አላነሱልኝም፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

5ኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ ምግብ ነው። ጾመኛ ከሆንሽ ተዘጋጂ። የደረቀ ዓሣ የማይገባበት ወጥ የለም፣ ሺቶ የሚባለው ጥቁር የቃሪያ ማባያ ውስጥም አለ። እኔን ያወጣኝ ጋሪ የሚሉት የተቆላ የካሳቫ ዱቄትና ባቄላ በፓልም ዘይት ነው። አክፕሌውን ገንፎ ነው ብለሽ ብዪው። ቀረጻንም በተመለከተ ሳታስፈቅጂ ስልክ አታውጪ። የእምነት ቤት ከበሮ ከሆነ ጨርሶ አታውጪ። መሪውን ከበሮ ሴት ስትመታው ደስ የማይላቸው ሽማግሌዎችም አሉ። የእኔ አስተማሪ አስተምርሻለሁ ይሉሻል፣ ሁሉም ግን እንደሳቸው አይደለም፤ ቀድመሽ ጠይቂ።

አክራ ሆነሽ ልትማሪ ካሰብሽ፣ ከግንቦት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ጋ የሚባለው የአክራ ሕዝብ ሆሞዎ ከሚባለው በዓሉ በፊት ለአንድ ወር ያህል ከበሮ ስለሚከለክል ያን ወቅት አትምረጪ። ደግሞም የመድረኩ ትምህርት ሌላ፣ የመንደሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ንኬቲያና ማዌሬ ኦፖኩ ያቋቋሙት የጋና የጭፈራ ቡድን ትልቅ ሥራ ሠርቷል፣ አከብረዋለሁ። ግን አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ። የጎጃም እስክስታ ቴአትር ቤት ሲገባ በአራት ደቂቃ ተቆርጦ፣ መስመር ተሰልፎ ነው። አውድማው ላይ ያለው ግን ማለቂያ የለውም። እኔ አውድማውን ነበር የፈለግኩት።

አገኘሁትም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ቅዳሜ የትልቅ ሰው ቀብር ነበር። አስተማሪዬ ኪዲውን ሰጥተውኝ "ቁጭ በል" አሉኝ። ከቀትር እስከ ማምሻ መታሁ። እጄ ደማ፣ አልተነሣሁም። ተራዬ ደርሶ ስጨፍር አንዲት አሮጊት ወጥተው ሁለት ጣታቸውን ራሴ ላይ ከፍ አደረጉልኝ፤ አበጀህ ማለት ነው። ከዚያ ግንባሬ ላይ ብር ለጠፉልኝ። ልክ እንደ እኛ ሠርግ። በምን ቀን ተወለድክ ብለው ጠይቀውኝ አላውቅም ብዬ ነበር። እናቴ ጋ ስደውል "የማክሰኞ ገበያ ዕለት ነዋ" አለችኝ። ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ኮምላ ነው። መንደሩ ውስጥ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ነው የምታወቀው። አንቺም ቀንሽን እናትሽን ጠይቀሽ ሂጂ።

ለመመለሻሽ አንድ ነገር ብቻ። ከበሮ ከገዛሽ ከትኬትሽ ጋር ምን ያህል እንደሚያስጭንሽ ሳትገዢ ጠይቂ፤ ለቆዳውም ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ። እኔን አንድ ዕቃ አስተላላፊ ዋጋውን ሦስቴ ለወጠብኝ፤ ሶጎዬን ትቼ ኪዲዬን ብቻ ይዤ መጣሁ። ሶጎው አስተማሪዬ ቤት አለ። ከሄድሽ ምቺው።

የምትሄጂበትን ወር በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አስተማሪዬን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጥሻለሁ። ሽንኩርቱ የሚነቀልበት ሳምንት ከሆነ መቺዎቹን ስለማታገኚያቸው፣ ቀድሜ ደውዬ አጣራልሻለሁ።