ጥያቄና መልስ፦ በሳዑዲ ሪያል ባህሬን ውስጥ መገበያየት

ጥያቄ፦ ከሳዑዲዋ ደማም ሁለቱን አገሮች በሚያገናኘው ድልድይ ወደ ባህሬን ለሁለት ቀን ልሄድ ነው። በእጄ ያለው ሪያል ነው፤ ልመንዝር?

መልስ፦ ለሁለት ቀን አያስፈልግዎትም። በባህሬን ዋና ከተማ በማናማ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ሪያል በሰፊው ይቀበላሉ፤ ስሌቱ 10 ሪያል ለ1 የባህሬን ዲናር ነው። ሁለቱም ገንዘቦች ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን ስለታሰሩ ትክክለኛው ምንዛሪ 9.97 ገደማ ነው፤ የሚያጡት ኢምንት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋጋ ሲያነብ ነው። 1 ዲናር 1000 ፊልስ ስለሆነ «2.500» የሚለው ሁለት ዲናር ተኩል፣ ማለትም 25 ሪያል ነው።

መልሱን በዲናር ሊሰጡዎት ስለሚችሉ ዝርዝር ብር፣ ባለ 10 እና ባለ 50 ሪያል ኖት ይያዙ። የተረፈዎትን ዲናር ድልድዩን ሳይሻገሩ ይመንዝሩት። በካርድ ሲከፍሉ ማሽኑ ገንዘብ ካስመረጠዎት ዲናርን ይንኩ፤ በሪያል ካሉ የሻጩ ባንክ የራሱን ተመን ይጨምርብዎታል።