የተጋጨ ፎርኬላ፦ ይቃናል ወይስ ይቀየራል?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የመካኒክ መልስ

ጥያቄ፦ ለዝግጅት ክፍሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል ቢኤምደብሊው አር75/5 አለኝ። ባለፈው ወር መብራት ላይ በድንገት የቆመ መኪና ከኋላ ገጨሁ። ፍጥነቴ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። አሁን ቀጥ ብዬ ስነዳ መሪው ወደ ግራ ዞሮ ይታያል፣ የፊት ጎማው ወደ ኋላ የተጠጋ ይመስላል፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ፎርኬላ የቀኝ እግሩም ዘይት ያፈሳል። አንዱ መካኒክ «ይቃናል» ይለኛል፣ ሌላው «ሙሉውን ቀይረው» ይላል። የትኛውን ልስማ?
(አንባቢያችሁ፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ እንኳን እርስዎ ተረፉ። የሁለቱን መካኒኮች ክርክር የሚፈታው ልኬት ነው። የጠቀሷቸው ሦስት ምልክቶች የግድ ከአንድ ጉዳት የመጡ አይደሉም። መሪው ዞሮ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሁለቱን የፎርኬላ ቱቦዎች የሚይዙት የላይኛውና የታችኛው ማሰሪያ አንዱ ከሌላው ጋር ስለተጠማዘዙ ነው፤ ይህ አንድም ብረት ሳይታጠፍ ይደርሳል። ጎማው ወደ ኋላ ከተጠጋ ግን በእርግጥ የታጠፈ ነገር አለ፦ ወይ ቱቦዎቹ፣ ወይ የታችኛው ማሰሪያ፣ ወይ ደግሞ ከሁሉም የከፋው የቴላዮው (የሞተር ሳይክሉ ዋና አካል ብረት) አንገት።

ስለዚህ ምርመራውን ከቴላዮው ይጀምሩ። ታንኩን አውርደው ከመሪው አንገት ወደ ታች የሚሄዱትን ቱቦዎች በባትሪ ይመልከቱ፤ ከዚያም በጣትዎ ይዳስሱ። ቀለሙ በአግድም ከተሰነጠቀ ወይም ከተላጠ፣ ብረቱም ተጨማዶ ከተገኘ አንገቱ ወደ ኋላ ተገፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ፎርኬላውን ይተዉት። ቴላዮው በመለኪያ ጠረጴዛ ላይ እስኪቃና ድረስ የሚገጥሙት አዲስ ቱቦ ሁሉ በተጣመመ አንገት ላይ ነው የሚቆመው፤ ሞተር ሳይክሉም ወደ አንድ ጎን መጎተቱን አይተውም።

አንገቱ ደህና ከሆነ ጥምዘዛውን ይፍቱ። የታችኛውን ማሰሪያ ብሎኖች፣ ቱቦዎቹን ከላይ የያዙትን ትልልቅ ዳዶዎች፣ የፔርኖውን (የጎማውን መሃል ዘንግ) ጠባቂ ብሎንና የፓራፋንጎውን ቅንፍ ያላሉ፤ አያውጧቸው። ቅንፉ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እሱ ሳይላላ ደግሞ ሁለቱ እግሮች እርስ በርስ ታስረው ስለሚቆዩ ምንም ቢገፉ አይመለሱም። ጎማውን በጉልበቶችዎ መሃል ቆንጥጠው መሪውን ወደ ቀኝ ይግፉ። መሪውና ጎማው ሲገጣጠሙ ከታች ወደ ላይ ያጥብቁ። ጎማው አሁንም ወደ ኋላ ተጠግቶ ከታየ፣ ዘይቱም ካላቆመ፣ እግሮቹን መፍታት ግድ ነው።

ከመፍታትዎ በፊት አንድ ጥንቃቄ አለ። የቱቦው ክዳን ከሥሩ የታመቀ ሞላ አለው። የመጨረሻዎቹን ጥርሶች ሲፈቱ በመዳፍዎ ወደ ታች ይጫኑት፤ ፊትዎንም ከላዩ ያርቁ።

የአር75/5 ቱቦ የውጪ ዲያሜትሩ 36 ሚሊ ሜትር ነው። በግጭት ጊዜ የሚታጠፈው በአብዛኛው ከታችኛው ማሰሪያ ልክ በታች ነው። ምክንያቱም ከፔርኖው እስከ ማሰሪያው ያለው ርዝመት እንደ መፈንቀያ ይሠራል፤ ኃይሉ ሁሉ ማሰሪያው የያዘበት ቦታ ላይ ይከማቻል። ወፍራም መስታወት ላይ ቱቦውን ማንከባለል ትልቁን ጥመት ያሳያል፣ ትንሹን ግን ይሰውራል። ትክክለኛው መንገድ ቱቦውን ከሁለት ጫፎቹ በቪ ቅርጽ መደገፊያ ላይ አስቀምጦ መሃሉ ላይ ዲያል ጌጅ (ባለመርፌ መለኪያ) ማቆምና በቀስታ ማሽከርከር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ መርፌው የሚያነበው የጥመቱን እጥፍ ነው። መርፌው 0.4 ሚሊ ሜትር ከተወዛወዘ ቱቦው የታጠፈው 0.2 ነው። እኛ በዚህ ፎርኬላ ላይ የምንቀበለው ውዝዋዜ ከ0.1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ቱቦ ይቃናል፣ ግን ሁሉም አይደለም። ጥመቱ ረጅምና ለስላሳ ቅስት ከሆነ በፕሬስ፣ በቀዝቃዛው፣ በቱቦው ቅርጽ በተቀረጸ እንጨት ወይም አሉሚኒየም ላይ ተደግፎ ይቃናል። ከፍ ያለውን ጎን በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል፤ ትንሽ ይጫናሉ፤ ይለካሉ፤ ደግመው ይጫናሉ። ብረቱ ተመልሶ ስለሚዘል በየጊዜው ከቀጥታው መስመር ጥቂት ማለፍ ያስፈልጋል። በእሳት ማሞቅ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ክሮሙ ይላጣል፣ ብረቱም ጥንካሬውን ያጣል። የታጠፈበት ቦታ ከተሰበረ እንጨት እንደሚተርፈው ዓይነት ሽብሽብ ካለው፣ ወይም በማይክሮሜትር ሲለካ በአንድ አቅጣጫ 36፣ በሌላው 35.9 ከሆነ፣ ቱቦው ሞላላ ሆኗልና ይጣላል። ክሮሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከታዩም እንደዚሁ፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ዝገቱ ከሥር ክሮሙን ያነሳዋል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ ኦይል ሲሉንም፣ ይበላዋል።

ለእርስዎ ሞተር ሳይክል የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ቱቦዎቹን በጥንድ አዲስ ይግዙ። የዚህ ሞዴል ቱቦ ዛሬም አዲስ ይገኛል፤ እርስዎ ያሉት ደግሞ ሞተር ሳይክሉ በተሠራበት አገር ነው። ማቃናት የሚያዋጣው አዲስ ቱቦ ለማይገኝለት ሞዴል ነው። ገንዘቡንና ጊዜውን ይልቅ በማሰሪያዎቹ ምርመራ ላይ ያውሉት።

የአር75/5 የላይኛው ማሰሪያ ጠፍጣፋ ብረት ስለሆነ በግጭት በቀላሉ ይጣመማል። አውጥተው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ያስቀምጡት፤ ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ይቀይሩት። የታችኛውን ለመመርመር አዲሶቹን ቱቦዎች ያለ እጅጌ (በቱቦው ላይ የሚንሸራተተው የታችኛው ክፍል) እና ያለ ሞላ ገጥመው ያጥብቁና አንድ ወፍራም የመስታወት ቁራጭ በሁለቱ ላይ ያስተኙ። መስታወቱ አራቱም ማዕዘን ላይ ከተቀመጠ ማሰሪያው ቀጥ ያለ ነው። አንዱን ማዕዘን ሲጫኑ ሌላው ከተነሳ፣ ማሰሪያው ወይም ከእሱ ጋር ያለው የመሪ ዘንግ ተጠማዟል። ተጨማሪ ልኬት ይፈልጋሉ? በሁለቱ ቱቦዎች መሃል ያለውን ርቀት ከላይና ከታች በካሊበር ይውሰዱ፤ እኩል መሆን አለበት። የታችኛው ማሰሪያ ከተጣመመ አይቃናም። በብሎኖቹ ዙሪያ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖር ስለሚችል በምትኩ ያልተጋጨ ይፈልጉለት።

የአሉሚኒየም እጅጌዎቹንም ይመርምሩ። ይህ ሞዴል የፊት ጎማው ላይ የታምቡር ፍሬን ነው ያለው፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ታምቡሩ የሚደገፍበት ቦታ እጅጌው ላይ ነው። ግጭቱ ፍሬን ተይዞ ከነበረ፣ እርስዎም ሳይዙ አልቀሩም፣ ጉዳት የሚጠበቀው እዚያ ነው። ንጹሕ አድርገው የስንጥቅ መፈለጊያ ቀይ ቀለም ይርጩበት፤ ጠርገው ነጩን ዱቄት ሲረጩበት ስንጥቅ ካለ ቀዩ መስመር ይወጣል። የተሰነጠቀ እጅጌ ይቀየራል እንጂ አይበየድም።

ከተጋጨ በኋላ የመሪውን አንገት ኩሽኔታ መቀየር የግድ ነው። አር75/5 ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ሾጣጣ ሮለር ኩሽኔታ አለው፤ መጠኑ 28 በ52 በ16፣ ቁጥሩ 320/28 ነው። ምቱ ሮለሮቹን ቀለበቱ ላይ ያትማቸዋል። መሪው ቀጥ ሲል በጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ጥቂት ከያዘ ያ ነው ምልክቱ። የውጪ ቀለበቶቹም አብረው ይውጡ። ሲያስተካክሉ ጎማው ከመሬት ተነስቶ እጅጌዎቹን ወደፊትና ወደኋላ ሲያወዛውዙ መንቃቃት አይኑር፤ መሪውም ለትንሽ ግፊት በራሱ ክብደት ወደ ሁለቱም ጎን ይውደቅ።

ሲገጣጥሙ አዲሱን ኦይል ሲል በቱቦው ጫፍ ላይ በቀጥታ አይግፉት። ጫፉን በቀጭን ፌስታል ሸፍነው ከንፈሩን ግራሶ ይቀቡት፤ በልኩ በሆነ የቧንቧ ቁራጭ ቀጥ አድርገው ያስገቡት። ዘይት ለየእግሩ ከ265 እስከ 280 ሚሊ ሊትር ይገባል። በመለኪያ ብርጭቆ ወይም በትልቅ ስሪንጅ ይለኩት፤ ሁለቱ እግሮች እኩል መሆናቸው ከትክክለኛው ቁጥር ይበልጣል። በመጨረሻ ፔርኖው በሁለቱም እጅጌዎች በእጅ ግፊት ብቻ ማለፍ አለበት። መዶሻ ካስፈለገ አንዱ እግር አሁንም ጠማማ ነው፤ ወደ መስታወቱ ይመለሱ። በዳዶው በኩል አጥብቀው፣ የሌላውን ጎን ጠባቂ ብሎን ልል አድርገው ፎርኬላውን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ይጫኑት። እጅጌው የራሱን ቦታ ከያዘ በኋላ ብቻ ጠባቂውን ያጥብቁ። ይህን የዘለለ ሰው ፎርኬላው በትንሽ ጉብታ ላይ እንደ ደረቀ እንጨት ይሆንበታል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ125 አለኝ። ከባጃጅ ጋር ተላትሜ ከወደቅኩ ወዲህ የግራው ኦይል ሲል ሦስት ጊዜ ተቀየረ፤ በየጊዜው ሁለት ሳምንት ሳይቆይ ያፈሳል። ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሦስት ኦይል ሲል በተከታታይ ከተበላሸ ጥፋቱ ያለው ኦይል ሲሉ የሚሄድበት ቱቦ ላይ ነው። ቱቦው ከታጠፈ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የኦይል ሲሉን አንድ ጎን ይጫነዋል፣ ሌላውን ይከፍተዋል። ጎማውን አውጥተው፣ ሞላውን አስወግደው፣ እጅጌውን ከላይ እስከ ታች በእጅ ያንሸራትቱ። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ እዚያ ነው ጥመቱ። የሲጂ125 ቱቦ 27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ቀጭን ስለሆነ በትንሽ ግጭትም ይታጠፋል። ቱቦውን ዞር አድርጎ ጥመቱን ወደ ጎን በማድረግ ገጥሞ «ተስተካክሏል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመዎት አይቀበሉት፤ ጎማው ያኔ ወደ ጎን ያዘነብላል።

ቱቦው ቀጥ ያለ ከሆነ ክሮሙን በጥፍርዎ ይዳስሱ። ኦይል ሲሉ የሚደርስበትን ቦታ ለማወቅ ቱቦው ላይ ክር ጠበቅ አድርገው ያስሩና ጥቂት ይንዱ፤ እጅጌው ክሩን ገፍቶ የወሰደበት ድረስ ነው ሥራው። ከዚያ በላይ ያለ ጭረት አይጎዳም። ከዚያ በታች ያለን የተነሳ ጠርዝ በዘይት በራሰ ጥሩ መሳያ ድንጋይ ያስተካክሉ፤ ሁልጊዜ በቱቦው ዙሪያ እንጂ በርዝመቱ አይፈግፍጉ፤ የርዝመት ጭረት ለዘይት መንገድ ይከፍታል። የዝገት ጉድጓድን በጠንካራ ኢፖክሲ ሞልተው፣ 24 ሰዓት አድርቀው፣ በ1000 ከዚያ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉት። ጉድጓዶቹ ብዙ ከሆኑ አዲስ ቱቦ ይግዙ። እንደገና ክሮም ማስነከር ከፈለጉ ጠንካራ ክሮም ተነክሮ በመፍጫ ወደ ልኩ የሚመለስ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለጌጥ የሚነከረው ስስ ክሮም ኦይል ሲሉ ሥር ይላጣል።

ጥያቄ፦ የያማሃ ኤክስቲ500 ፎርኬላ እየፈታሁ ነው። ከእጅጌው ሥር ያለው ባለስድስት ጎን ብሎን ይዞራል ግን አይወጣም። ምን ላድርግ?
(ከሐይፋ)

መልስ፦ ብሎኑ የሚይዘው በቱቦው ውስጥ ያለውን የዘይት መቆጣጠሪያ ዘንግ ነው፤ አሁን ዘንጉ አብሮ እየዞረ ነው። ሞላውንና ክዳኑን ገና አላወጡ እንደሆነ ዕድለኛ ነዎት። ሰው ፎርኬላውን ወደ ውስጥ አምቆ ይያዝልዎት፤ ሞላው ዘንጉን ተጭኖ ሲይዘው በኢምፓክት ሽጉጥ አንድ ሁለት ጊዜ ይምቱት። ሞላው ወጥቶ ከሆነ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን ጥቂት አሹለው ከላይ በቱቦው ያስገቡና በዘንጉ ራስ ላይ በመዶሻ ቀለል አድርገው ይቀርቅሩት፤ ሌላ ሰው እንጨቱን ሲይዝ እርስዎ ብሎኑን ይፍቱ። ሲመልሱ የመዳብ ሮንዴላውን አዲስ ያድርጉ፤ የብሎኑንና የዘንጉን ጥርሶች ከዘይት አጽድተው አንድ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ ይጨምሩ። አሮጌው ሮንዴላ ከተመለሰ ዘይቱ በፔርኖው አጠገብ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ብዙ ሰውም የሚያፈሰው ኦይል ሲሉ መስሎት እንደገና ሁሉን ይፈታል።